ፈጣኗ ትንሽ መኪናና የእንጦጦ ዳገት

በዚህ ዓመት በየመኝታ ቤቱና በየሻይ ቤቱ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ፥ ሰው ለዕለት ኑሮው ምን ዐይነት መኪና ቢመርጥ ይሻለዋል የሚለው ነው። ክርክሩ ሞቅ ሲል ሁልጊዜ ወደ አንዲት መኪና ያዘነብላል፤ ይህችውም ትንሽ ሆና ፈጣን የሆነችው፥ የኋላ በሯ ወደ ላይ ተከፍቶ ዕቃ የሚጫንባት፥ ሀችባክ የምትባለው ናት። ከፊሉ ጓደኛ «ለወጣት ከዚህ የተሻለ የለም» ሲል፥ ከፊሉ ደግሞ «የጎረምሳ መጫወቻ ናት» ብሎ ያጣጥላታል።

መኪና ቀርቶ ብስክሌት የሌለው ተማሪ ስለ መኪና ምርጫ ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ዛሬ በእግሩ የሚሄድ ተማሪ ነገ ደመወዝተኛ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሻጭ ያሞገሰለትን ከመግዛት አስቀድሞ ያሰበበት ነገር ቢኖረው ይጠቅመዋል። ሁለተኛውና ዋናው፥ ስለ መኪና ፍጥነት ለመናገር ከባለመኪናው ይልቅ እግረኛው የበለጠ መብት አለው። ባለመኪናው ፍጥነቱን ሲመርጥ እግረኛውን ማንም አልጠየቀውምና ነው።

የእኔ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ፈጣኗን ትንሽ መኪና ለዕለት ኑሮ መምረጥ፥ በተለይ በየካና በእንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው፥ ሞኝነት አይደለም። ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ የመኪናችንን ፍጥነት ሲቀንስልን የኖረው ሕጋችንም ጨዋነታችንም አልነበረም፤ ተራራው ነበር። አሁን ተራራው ይህን ሥራውን እያጣ ነው። ስለዚህ መኪና መራጩ ዛሬ ከመኪናዋ ጋር ሌላ ነገር ጨምሮ መምረጥ አለበት። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በየተራው ላስረዳ።

በመጀመሪያ ይህች መኪና ከየት መጣች? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮጳ ትንንሽ መኪኖች የተሠሩት ገንዘቡ ላነሰው ሰው ነበር። ፊያት 600 እ.ኤ.አ. በ1955 ሲወጣ ሞተሩ 633 ሲሲ፥ ጉልበቱም 22 ፈረስ ገደማ ነበር። እኛም አገር ገብቶ «ሰይቼንቶ» ተብሎ፥ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብቶ፥ የአዲስ አበባን ሕዝብ በታክሲነት ለብዙ ዘመን አገልግሏል። በዚያው በጣልያን አገር ካርሎ አባርት የተባለው ሰው ይህንኑ ትንሽ መኪና ወስዶ ሞተሩን አጠንክሮ ለእሽቅድምድም አበቃው። በእንግሊዝ አገርም ሚኒ የተባለችው መኪና፥ ኩፐር በሚባለው ዐይነቷ፥ እ.ኤ.አ. በ1964፥ በ1965 እና በ1967 በሞንቴ ካርሎ ራሊ ታላላቆቹን መኪኖች በልጣ አንደኛ ወጣች።

ከዚያ በኋላ የጀርመኑ ፎልክስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ የተባለችውን መኪና እ.ኤ.አ. በ1975 በፍራንክፈርት አሳይቶ በ1976 ለገበያ አቀረባት። ጉልበቷ 110 ፈረስ፥ ክብደቷ 810 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ከቆመችበት ተነሥታ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የሚያስፈልጋት 9 ሰከንድ ገደማ ነው። ፋብሪካው 5,000 ያህል ብቻ ለመሥራት አስቦ ነበር፤ ፈላጊው ግን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሆነ። ፔዦ፥ ሬኖ፥ ቶዮታና ሌሎችም ተከተሉ።

የአሳቡን መልካምነት መካድ አይገባም። ባለጸጋ ሰው ለሥራ አንድ፥ ለመዝናኛ አንድ መኪና ይገዛል። መምህሩ፥ ነርሷና የቢሮ ጸሓፊው ግን ሁለት መግዛት አይችሉም። ይህች መኪና ለእነዚህ ሰዎች የመጣች ናት። ሰኞ ወደ ሥራ ታደርሳለች፤ ቅዳሜ እህል ታመላልሳለች፤ እሑድ ደግሞ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ባለቤቷን ደስ ታሰኛለች። እስከዚያ ድረስ የመኳንንት ዕድል የነበረውን ደስታ ለደመወዝተኛ ያካፈለች መኪና ናትና፥ «የጎረምሳ መጫወቻ» ብሎ ማለፍ ታሪኳን አለማወቅ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የኋላ በር ያላት ትንሽ መኪና ለእኛ ኑሮ የተሠራች እስክትመስል ድረስ ትስማማለች። ቪትዝን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓን አገር የወጣችው ይህች የቶዮታ መኪና፥ አሮጌዋ እንኳ እንደ ወርቅ ዋጋዋን ጠብቃ ስትሸጥ ኖራለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ አንድ ኩንታል ጤፍ ያለ ችግር ይገባል። ለበዓል በግ ይጫንባታል። የሠርግ ድስትና የለቅሶ ወንበር ታመላልሳለች። በቀበናና በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈሮች ውስጥ ሁለት መኪና በማያሳልፈው ጠባብ መንገድ ትሹለከለካለች። መለዋወጫዋ በየሱቁ አለ፤ የማያውቃት መካኒክም የለም።

ከዚህችው ከቪትዝ ወገን አርኤስ የምትባል አለች፤ ባለ 1,500 ሲሲ ሞተሯ ጉልበቱ 110 ፈረስ ገደማ ነው። ይህ ማለት ከመጀመሪያዋ ጎልፍ ጂቲአይ ጋር እኩል ነው። ታዲያ እንዲህ ያለችውን መኪና ይዞ እንጦጦን የወጣ ሰው ለምን እንደ ጠበቀው ሳትሆንለት ቀረች? በካታሎጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ውሸት ሆኖ አይደለም። ቁጥሩ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ስለ ሆነ ነው።

ይህን ነገር ጠለቅ ብለን እንየው፤ የምርጫው ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነውና። የቤንዚን ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። ቤንዚኑ የሚነደው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ሊነድ የሚችለው ቤንዚን ያንሳል፤ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። መገናኛ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ ላይ የጎደለው አየር ከሩብ በላይ ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከመርከብ ስትወርድ 110 ፈረስ የነበራት መኪና፥ መገናኛ ስትደርስ 85 ያህል ብቻ ይዛ ትደርሳለች፤ እንጦጦ ጫፍ ላይ 80 ብታገኝ መልካም ነው። የቀሩት ፈረሶች በመንገድ ላይ ደክመው ቀሩ ማለት ነው።

ባለ 1,000 ሲሲ የሆነችውን ተራዋን ቪትዝ ስንወስድ ችግሩ የባሰ ይሆናል። አራት ሰው ጭና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ ስትወጣ፥ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ታቃስታለች፤ ሾፌሩ ወደ አንደኛ ሲመልሳት ትጮኻለች፤ ዳገት መካከል ቆሞ እንደ ገና ለመነሣት ፍሪሲዮን ሲያቃጥል ሽታው ለተሳፋሪው ይደርሳል። ስለዚህ በየካ ዳገት ላይ የሚኖር ሰው ትንሽ ጉልበት ጨምሮ መግዛቱ ቅንጦት አይደለም። ለአምስተርዳም ነዋሪ ከልክ በላይ የሆነው ጉልበት፥ ለፈረንሳይ ለጋሲዮን ነዋሪ ልኩ ሊሆን ይችላል። ቱርቦ የሚባለው መሣሪያም ለዚህ ይጠቅማል፤ የሳሳውን አየር በግድ እያጨቀ ወደ ሞተሩ ስለሚያስገባ፥ ተራራው የወሰደውን ጉልበት ከሞላ ጎደል ያስመልሳል።

ይህ ሁሉ ለፈጣኗ መኪና የሚናገር ክርክር ነው። ነገር ግን ጉልበት አንድ ነገር ነው፤ ፍጥነትን ለመታየት መፈለግ ሌላ ነገር ነው። በውጭ አገር መጽሔት አይቶ መኪናውን ዝቅ የሚያስደርግ፥ ሞላውን የሚያጠነክር፥ ቸርኬውን ትልቅ ጎማውን ቀጭን የሚያደርግ፥ ማርሚታውን አስበስቶ ሰፈር የሚያውክ ወጣት አለ። ይህ ሰው መኪናዋን ያሻሻላት ይመስለዋል። እውነቱ ግን ለጀርመን ጥርጊያ ጎዳና የተፈጠረውን ነገር በኮብልስቶንና በፍጥነት መገደቢያ ጉብታ ላይ ለማስኬድ መሞከሩ ነው። ዝቅ ያለችው መኪና በየጉብታው ላይ ሆዷ ይፋጫል፤ ቀጭኑ ጎማ በመጀመሪያው ጉድጓድ ቸርኬውን ያጎብጣል፤ የወሩ ደመወዝም ወደ ጎሚስታውና ወደ ጋራዡ ይጓዛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ቤንዚን መኪና ነው። ሆኖም ዛሬ በእኛ አገር መኪና የሚመርጥ ሰው እንደ ውጭ አገር ሰው ያሻውን አይመርጥም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ እጅግ ከባድ ግብር ጣለ። አዲሶቹንም ቢሆን በሞተራቸው ለያቸው፤ ከ1,300 ሲሲ የማያልፈውን በ5 በመቶ ሲያሳልፍ፥ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ ያለውን 60 በመቶ አስከፈለ። በሌላ አነጋገር፥ ፈጣኗ ትንሽ መኪና ከዝምተኛዋ እኅቷ የምትለይበት ያ ጥቂት መቶ ሲሲ ዋጋዋን ሰማይ ሰቀለው። ከዚያም በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ እርምጃ በመውሰድ በዓለም ቀዳሚ ናት ተባለ። ስለዚህ ከውጭ አዲስ መኪና ማስመጣት የፈለገ ሰው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዞረ። የቻይናዎቹ ቢዋይዲ ሲጋልና ዶልፊን፥ የፎልክስዋገንም አይዲ 4 በመገናኛና በሲኤምሲ መንገድ ላይ የሚታዩ ሆኑ።

ብዙ ሰው ይህን ለውጥ የሚያየው በቤንዚን ወረፋና በሂሳብ በኩል ነው፤ ልክ ነው። እኔ ግን አንባቢዬ ሌላውን ገጽ እንዲያይልኝ እወዳለሁ። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። አየር ሳሳ አልሳሳ ግድ የለውም። ጅቡቲ ላይ የነበረውን ጉልበት መገናኛም ላይ፥ እንጦጦ ማርያም በር ላይም አንዲት ፈረስ ሳይጎድል ይሰጣል። በዚያም ላይ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱን ለመስጠት መሽከርከርና መጮኽ ሲኖርበት፥ የኤሌክትሪኩ ገና ከቆመበት፥ እግር መስጫውን እንደ ነካው ይሰጣል። ማርሽ የለም፤ ፍሪሲዮን የለም፤ ጩኸትም የለም።

አሁን ቁጥር እናወዳድር። 150 ኪሎዋት ሞተር ያላት አይዲ 4 ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርስ የቤተሰብ መኪና ናት። ማንም የእሽቅድምድም መኪና ብሎ አይጠራትም። ሆኖም ከቆመችበት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 9 ሰከንድ አይሞላባትም። ይህ የዚያች በዝና የተሞላች የ1976ቷ ጎልፍ ጂቲአይ ፍጥነት ነው። ልዩነቱ ክብደቱ ላይ ነው፤ የያኔዋ 810 ኪሎ ገደማ ስትሆን የአሁኗ 2,000 ኪሎ ገደማ ናት። እንዲያውም ኤምጂ 4 ኤክስፓወር የተባለችው የኋላ በር ያላት መኪና እ.ኤ.አ. በ2023 ስትወጣ ጉልበቷ 435 ፈረስ፥ 100 ለመድረስ የሚበቃትም 3.8 ሰከንድ ሆነ። ከሃምሳ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ነገር የሚነዳ ሰው ራሱን መከላከያ ቆብ አድርጎ በታጠረ ሜዳ ውስጥ ነበር። ዛሬ ግን መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ይነዳዋል።

እንግዲህ የነገሩ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ድሮ ፈጣን መኪና የሚፈልግ ሰው ፈልጎ፥ መርጦ፥ ተጨማሪ ከፍሎ ይገዛ ነበር። ጩኸቷም ለሰፈሩ ሁሉ ያስታውቅ ነበር። እንጦጦም ከጉልበቷ አንድ አራተኛውን እንደ ግብር ይቀበላት ነበር። ዛሬ ፍጥነቱ ሳይመረጥ፥ ሳይጠየቅ፥ ከቤተሰቡ መኪና ጋር ተጠቅልሎ ይመጣል። ድምፁም አይሰማም፤ ተራራውም አይቀንሰውም። ጥያቄው «ፈጣን መኪና ልምረጥ ወይስ አልምረጥ» መሆኑ ቀርቶ፥ «የተሰጠኝን ፍጥነት ምን ላድርገው» ሆኗል።

ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚከብድ ለማወቅ መንገዱ የማን እንደ ሆነ ማየት ነው። ማለዳ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው ሦስት ዐይነት ሰው ያያል። አንደኞቹ ሯጮች ናቸው። ሞተርን የሚያደክመው ያ ስስ አየር የሰውን ልብና ሳንባ ያጠነክራልና፥ ስማቸው በዓለም የተጠራ አትሌቶቻችን በዚህ ተራራ ላይ ሲለማመዱ ኖረዋል። ከኋላቸው ደግሞ ስማቸው ያልተጠራ ብዙ ልጆች ተስፋቸውን በእግራቸው ይዘው ይሮጣሉ። ሁለተኞቹ ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ ኪዳነ ምሕረት ለጸሎትና ለጠበል የሚወጡ ምእመናን ናቸው፤ ከመካከላቸው በምርኩዝ የሚሄድ በሽተኛ፥ ዐይኑ የደከመ ሽማግሌ አለ።

ሦስተኞቹ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ናቸው። ከባሕር ዛፉ ደን ጭራሮና ቅጠል ሰብስበው፥ ከቁመታቸው የሚረዝም ሸክም በጀርባቸው አዝለው፥ ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ። ሸክሙ ወደ ጎንና ወደ ጎን ስለሚረዝም የመንገዱን ጠርዝ ብቻ ይዘው ለመሄድ አይችሉም። ሸክም የያዘች ሴት ዞር ብላ ከኋላዋ የሚመጣውን ማየት አይሆንላትም። እስካሁን የምትጠነቀቀው በጆሮዋ ነበር፤ የሞተር ጩኸት ስትሰማ ጠርዝ ትይዛለች። ድምፅ የሌላት ፈጣን መኪና ቁልቁለቱን ይዛ ከኋላዋ ስትመጣ ግን ጆሮዋም አይረዳትም። ለእርሷ ጥበቃ የሚሆናት የሾፌሩ እግር ብቻ ነው።

ይህ በስሜት ብቻ የተነገረ እንዳይመስል ሂሳቡን ላስቀምጥ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሾፌር ሰው አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፥ በዚያች ሰከንድ ውስጥ 11 ሜትር ይጓዛል፤ ፍሬኑ ከያዘ በኋላም 9 ሜትር ያህል ይሄዳል። በጠቅላላው 20 ሜትር ነው። 80 የሚሄደው ግን በዚያችው ሰከንድ 22 ሜትር፥ ከዚያም ፍሬን ይዞ 35 ሜትር፥ በጠቅላላው 57 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናልና። ይህም በደረቅ ሜዳ ላይ ነው፤ በሐምሌ ዝናብ፥ በቁልቁለት ላይ ቢሆን ርቀቱ ይጨምራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፥ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በምትሄድ መኪና የተገጨ ዐዋቂ እግረኛ የመሞት ዕድሉ ከ20 በመቶ በታች ሲሆን፥ በ80 የተገጨው ግን ወደ 60 በመቶ ይጠጋል።

ለዚህ ሁሉ አደጋ የሚገኘው ትርፍስ ምንድን ነው? የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ እንውሰድ፤ ከመገናኛ በጉርድ ሾላና በሲኤምሲ አድርጎ ወደ አያት የሚሄድ ሰው ከዚህ ብዙ የማይርቅ መንገድ አለበት። በሰዓት 40 ቢሄድ 15 ደቂቃ፥ በ60 ቢሄድ 10 ደቂቃ ይፈጅበታል። ያተረፈው 5 ደቂቃ ነው። ያውም መንገዱ ባዶ ከሆነ ነው። የመገናኛን ሰልፍ የሚያውቅ ሰው፥ ያ የቸኮለው መኪና በሚቀጥለው መብራት ላይ ከቀስተኛው ጎን ቆሞ እንደሚያገኘው ያውቃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

አንዳንድ ወንድሞች ሁለት መቃወሚያ ያነሣሉ። የመጀመሪያው፥ «ፈጣን መኪና ከአደጋ ታወጣለች፤ ጭነት መኪናን ለመቅደም ጉልበት ያስፈልጋል» የሚለው ነው። ይህ እውነትነት አለው። ከላምበረት ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ጥቁር ጭስ ከሚያወጣ ገልባጭ ኋላ የተሰለፈ ሰው፥ በአጭር ርቀት ቀድሞ ማለፍ የምትችል መኪና ብትኖረው አይጠላም። ነገር ግን ያ ጉልበት ለአምስት ሰከንድ የሚያስፈልግ ነው። ለአምስቱ ሰከንድ የተገዛውን ቀኑን ሙሉ መጠቀም፥ ለእሳት አደጋ የተቀመጠን ውሃ በየሰዓቱ እንደ መድፋት ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ፥ «ወጣትነት አንድ ጊዜ ነው፤ ደስታችንን ለምን ትከለክለናለህ?» የሚለው ነው። ደስታን የምከለክል ሰው አይደለሁም። ጠመዝማዛ መንገድን በሚገባ መንዳት ጥበብ ነው፤ በመሪው፥ በጎማውና በፍሬኑ የሚተማመን ሾፌር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እንኳ የሚያገኘው ደስታ አለ። የትንሿ መኪና እውነተኛ ውበት ይህ ነው፤ በዝግታም ታስደስታለች። ደስታው ሌላውን ሰው ሳያስፈቅድ በሌላው ሰው ሕይወት የሚወራረድ ሲሆን ግን ደስታ መባሉ ይቀራል። ዕጣ የሚጥለው አንዱ፥ ዕጣው የሚወጣበት ሌላው ከሆነ፥ ይህ ጨዋታ አይደለም።

እንግዲህ ለማን ምን ልምከር? መኪና ለመምረጥ የደረሰ ወይም ለወገኑ የሚመርጥ ጓደኛ ቢጠይቀኝ፥ የምነግረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ ፍሬኗንና ጎማዋን ተመልከት፤ መኪና የምትመዘነው ስትነሣ ሳይሆን ስትቆም ነው። ቀጥሎ ከመሬት ያላትን ከፍታ ተመልከት፤ የሰፈርህን ጉብታና ጉድጓድ የምታውቀው አንተ እንጂ ሻጩ አይደለም። ሦስተኛ የዳገት ጉልበቷን ተመልከት፤ ባዶዋን ሳይሆን አራት ሰው ጭነህ ዳገት ላይ አቁመህ አስነሣት። አራተኛ የኋላ ወንበሯን አጥፈህ ኩንታሉ ይገባ እንደ ሆነ ለካ። አምስተኛ ስትበላሽ ማን እንደሚሠራት ጠይቅ፤ በተለይ የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነች ባትሪዋን የሚያውቅ ባለሙያ መኖሩን አረጋግጥ። ከዚህ ሁሉ በኋላ፥ በመጨረሻ፥ 100 ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅባታል ብለህ ጠይቅ። መልሱ ትንሽ ቁጥር ቢሆንም አትከልክላት፤ ነገር ግን የፍጥነት ገደብ ማበጃ ያላት እንደ ሆነ በዚያኑ ቀን ገደቡን አብጅላት።

ቁልቁለቱንም አትርሳ። ስለ ዳገት ብዙ ይወራል፤ ቁልቁለትም ግን የራሱ አደጋ አለው። የቤንዚን መኪና የያዘ ሰው ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ ከእንጦጦ መውረዱን ይተው፤ ማርሹ ሞተሩን ይዞ ካልወረደ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፥ ፍሬንም ሲግል ይከዳል። የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሰው ደግሞ ሞተሩ ራሱ እየያዘ፥ ቁልቁለቱን ወደ ባትሪ እየመለሰ እንዲወርድ ያድርገው። ቀስ ብሎ ለወረደ ሰው ተራራው የወሰደውን ኤሌክትሪክ በከፊል ይመልስለታል። ለዝግታ ደመወዝ የሚከፍል መኪና ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ይህ ሁሉ ግን በግለሰብ ጨዋነት ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ በዕረፍት ቀን ወደ ተራራው የሚወጣው መኪና ብዙ ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማትም ከአራት ኪሎ በቀበና ወደ መገናኛ፥ ከመገናኛም ወደ ሲኤምሲ የሚወስዱት መንገዶች ታድሰው ሰፊ የእግረኛ መሄጃ አግኝተዋል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ያማረ አስፋልት ራሱ «ፍጠን» ብሎ ይጋብዛል፤ እንጨት ተሸካሚዋም ከዋናው ጎዳና ቀድማ የምትሄደው ገና ጠርዝ ባልተሠራለት የተራራ መንገድ ላይ ነው። ለሯጩ፥ ለምእመኑና ለእርሷ ከመኪናው የተለየ መሄጃ በተራራው መንገድ ላይ እንዲሠራ መጠየቅ የእኛ የተማሪዎች ጉዳይ ነው። ማኅበራችን ስለ ምግብና ስለ መኝታ ሲከራከር ድምፁ ከፍ ይላል፤ ከግቢያችን በላይ ባለው ተራራ ላይ ጎንብሳ ስለምትወርደው ሴትም ድምፁን ቢያሰማ ክብሩ አይቀንስም።

እኛ ተማሪዎች ነገ ከምንገዛው መኪና ይልቅ ነገ የምንሆነው ሾፌር ያሳስበን። ብዙዎቻችን ከእግረኛ ወላጆች ተወልደን በእግራችን ያደግን ነን። ወንበሩ ላይ በተቀመጥን ማግስት እግረኛ የነበርንበትን ዘመን ከረሳን፥ የተማርነው ትምህርት ከንቱ ነው። ስለዚህ ፈጣኗን ትንሽ መኪና የምትመርጥ ወንድሜ፥ የምትመርጪም እኅቴ፥ ምረጡ፤ ለዳገቱ ትሆናችኋለች። ነገር ግን እንጦጦ ሲሠራላችሁ የኖረውን ሥራ ከዛሬ ጀምሮ እግራችሁ ተረክቦ ይሥራው።